በቅጥሩ ላይ የቆመችው ሴት

«ዓለምን የናቁ መነኮሳት በሚሳለሙት ስፍራ፥ ከልብስ ይልቅ ጌጥ የበዛባት ሴት በድንጋይ ተቀርጻ ምን ትሠራለች?» አንዳንድ ጓደኞቻችን የጥንቱን የሕንድ ቅርጽ በመጽሐፍ ባዩ ቍጥር ይህን ይጠይቃሉ። አንዱ ለጌጥ ነው ይላል፤ ሌላው ነውር ነው ብሎ ገጹን ይገለብጣል። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

ያክሺ የምትባለው ይህች ሴት የገጠሩ ሕዝብ ሲያከብራት የኖረች የዛፍና የውሃ መንፈስ ናት። በእኛ አነጋገር አድባር ብንላት ከነገሩ ብዙ አንርቅም። ልጅ ትሰጣለች፥ እኽል ታበረክታለች፥ ስትቈጣ ግን ትጎዳለች ተብሎ ይታመን ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ በባርሁት የተሠራውን የድንጋይ ቅጥር እንመልከት። ፍርስራሹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. ያገኘው አሌክሳንደር ካኒንግሃም ነው፤ አብዛኛው ቅሪት ዛሬ ኮልካታ በሚገኘው የሕንድ ሙዚየም አለ። የተቀደሰውን ጕብታ ይከብብ በነበረው በዚህ ቅጥር አንድ ምሰሶ ላይ፥ ቻንድራ የተባለች ያክሺ ክንዷንና እግሯን በዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥማ ቆማለች። ስሟም ተጽፎላታል። በስሟ የምትጠራ እንዴት ተራ ጌጥ ትሆናለች? ነውር ነው ለሚሉትም መልሱ እዚያው ተቀርጿል፤ ለቅጥሩ ሥራ ስጦታ ካቀረቡት መካከል የሴቶች መነኮሳት ስም ይገኛልና።

በዚያ ዘመን ቀራጮች ቡድሃን በሰው መልክ አያሳዩትም ነበር። በባዶ ዙፋን፥ በእግር ዱካ፥ በመንኰራኵር ያመለክቱት ነበር። ከሩቅ የመጣው ገበሬ ይህ ምልክት ባይገባው እንኳ፥ ገና ከቅጥሩ ሲደርስ የሚያውቃት አድባሩ ትቀበለዋለች። አዲሱ ሃይማኖት ጥንታዊቱን መንፈስ አላባረራትም፤ ከዙፋኑም አላወጣትም፤ ደጅ ጠባቂ አደረጋት እንጂ። ከዚያ በኋላ በተሠራው በሳንቺ ምሥራቃዊ በር ላይም የማንጎ ቅርንጫፍ ይዛ እንግዳ ስትቀበል እናያታለን።

እኛ ተማሪዎች የገጠሩን ሕዝብ እምነት «ኋላ ቀርነት» ብለን በአንድ ቃል መጣል ይቀናናል። ማስተማር ግን የሰሚውን ቤት በማፍረስ አይጀመርም። የባርሁት ሰዎች ሰሚያቸውን ከሚያውቀው አስነሥተው ወደማያውቀው መሩት። እኛስ ወደ ሕዝባችን ስንሄድ ከየት ልንጀምር አስበናል?