ዘፋኙ መቼ ነው የሚወጣው?

አንድ ወዳጄን የጃዝ ምሽት ይዤው ሄድኩ። መድረኩ ላይ ጊታር አለ፣ ክላርኔት አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራም አለ። ወዳጄ ግማሽ ሰዓት ያህል በትዕግስት ተቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚወጣው?» አለኝ። ዘፋኝ የለም አልኩት። «ታዲያ ምን እየጠበቅን ነው?»

ሳቅኩ። በኋላ ግን አናደደኝ። ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለማ! የኔም፣ ያንቺም፣ ያንተም ነው። እኛ ዘንድ ሙዚቃ ማለት ዘፋኝ ነው። የቀረው «አጃቢ» ይባላል። እስቲ ቃሉን ልብ በሉት። ሚዜ ያጅባል፣ ፖሊስ ያጅባል። ዜማውን ያቀናበረ፣ ባንዱን የመራ፣ ሶሎውን የተጫወተ ሰው ግን ማንን ነው የሚያጅበው?

ግሩም መዝሙርን እንውሰድ። ጊታሪስት ነው፣ አኮርዲዮንም ይጫወታል፣ ባንድ ይመራል። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ሲያቋቁም ከተማው ውስጥ አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ሥራ ይሠራ ነበር። ትራምፔቱም ኪቦርድ፣ ከበሮውም ኪቦርድ፣ ማሲንቆው ሳይቀር ኪቦርድ። እሱ ማንዶሊን፣ ክላርኔት፣ አኮርዲዮንና ኮንትራባስ ሰብስቦ ወደ 1950ዎቹና 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘፈኖች ተመለሰ። አንጋፋውን የማንዶሊን ሰው አየለ ማሞን ከወጣቶቹ ጎን አስቀመጠ። የባንዱ አልበም ስም «ተወስታ» ነው፤ ትዝታ፣ ማስታወስ እንደ ማለት። እኛ ግን ምን አስታወስን?

በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባም ግሩምና ባልደረቦቹ ያቋቋሙት መድረክ ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ እሳት ተነሳና አብሮ ነደደ። ስለ ታሪካዊው ሆቴል ሁላችንም «ወይኔ!» ብለናል፤ ደግ አደረግን። ስለ መድረኩ «ወይኔ» ያልን ግን ስንት ነን? ግድግዳ ሲቃጠል ቅርስ ነው፣ ሙዚቀኛ የሚሠራበት ቦታ ሲጠፋ ግን የምሽት ቤት ነው። ለምን?

አንዳንዱ «እኛ የቃል ሕዝብ ነን፣ ያለ ግጥም አይገባንም፣ ሰምና ወርቅ ያሳደገን ነን» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ግጥም እንወዳለን። ግን የእረኛው ዋሽንት ምን ግጥም አለው? ሬዲዮው ዜና እስኪደርስ የሚያሰማንን፣ እኛ በጅምላ «ክላሲካል» የምንለውን ሙዚቃ ስንሰማስ አብረን አናንጎራጉርም? ጆሯችን መሣሪያ ያውቃል። ያላወቀው የተጫዋቹን ስም ነው። ስሙን ደግሞ ማንም ነግሮት አያውቅም። ዜናው ሲደርስ ሙዚቃው መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ማን እንደተጫወተው ሳይነገር። አለቀ።

ይሄ የዛሬ በሽታ አይደለም። «እሬ መላ መላ» ሲባል ማህሙድ አህመድ ይነሳል፤ ይገባዋል። አይቤክስ ባንድ የሚለውን የሚጨምር ግን ጥቂት ነው። ካሴት ሙሉ የሮሃ ባንድን ድምፅ እየሰማ ያደገ ትውልድ ጊታሪስቱን ሰላም ስዩምን መንገድ ላይ ቢያየው ያውቀዋል? ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ይገዝፋል፣ የሙዚቀኞቹ ስም ከኋላ በጉንዳን ፊደል ይጻፋል። ያውም ከተጻፈ! ዛሬ ሙዚቃው ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ያቺ ጉንዳንም ብዙ ጊዜ የለችም።

ደግሞ ሌላ አመል አለን፤ ፈረንጅ እስኪመርቅልን መጠበቅ። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የሠራው በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮፒክስ 4ኛው ሲዲ በፈረንሳይ ወጣ፣ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሙዚቃውን ለዓለም አሰማ። የእኛ ትውልድ «ኢትዮ ጃዝ» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሙላቱ ረጅም ዕድሜ ሰጥቶት ክብሩን በዓይኑ አየ። ሁሉም ሙዚቀኛ ግን ሠላሳ ዓመት መጠበቅ አይችልም። የቤት ኪራይ በየወሩ ነው።

ዘፋኝ ይቅር አላልኩም። ዘፋኝ እወዳለሁ። የምለው ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቀኛውን ከዘፋኙ እኩል «ከዋኝ» ብሎ ያውቀዋል። ሕጉ ያወቀውን እኛ ለምን እንክዳለን? አሳታሚዎች፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም በሚነበብ ፊደል ጻፉ። የሬዲዮ ሰዎች፣ ሙዚቃውን ከመቁረጣችሁ በፊት ማን እንደተጫወተው ንገሩን፤ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

እኛስ? ጃዝ ምሽት ሄደን፣ ጀርባችንን ለመድረኩ ሰጥተን፣ ከጊታሩ በላይ እየጮህን የምናወራው እኛስ? በሚቀጥለው ስንሄድ ዝም ብለን እንስማ። ስንወጣም «ጊታር የተጫወተው ማነው?» ብለን እንጠይቅ።

ወዳጄ ያን ቀን እስከ መጨረሻው ቆየ። ሲወጣ አንዱን ዜማ በአፉ ያፏጭ ነበር። የማን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም።