ሎሚው መሬት ላይ ቢቀርስ?

የእህቴ ልጅ በዚህ ሳምንት «አክስቴ፣ ትንሽ ብር አበድሪኝ» ብሎ መጣ። አልታመመም፣ የቤት ኪራይም አልተጠራቀመበትም። ሲጥለው የከረመው ዕቁብ ወጥቶለት፣ የወጣለት ብር አልበቃው ብሎ ነው። የሚወዳትን ልጅ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የሆቴል ሰገነት ተከራይቷል። ከዲኮር ሠራተኞች ጋር ተዋውሏል፦ በአምፖል የሚበሩ ትልልቅ ፊደላት፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው የሚበተን የጽጌረዳ ቅጠል፣ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው፣ ከጥግ ሆነው የሚቀርጹ ካሜራዎች። ጓደኞቿ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀው ይጠብቃሉ። የጎደለው ከሰማይ ሆኖ የሚቀርጽ የድሮን ሒሳብ ነበር።

አልሰጠሁትም። ተናድጄ ነው ያልሰጠሁት፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደልኝም። የተናደድኩት በእሱ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ጨዋ ልጅ፣ ፍቅሩን ለመናገር ዕዳ መግባት አለብኝ ብሎ እስኪያምን ያደረሰው ነገር ነው ያንገበገበኝ።

«ለመሆኑ የት ነው የምትገናኙት?» አልኩት።

ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነገረኝ። የልጅቷ እናት ሆስፒታል ተኝተዋል። ከሥራ ስትወጣ ቤት ደርሳ ምሳ ዕቃውን ሞልታ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እሱ ታክሲ ተራ ቀድሟት ይደርስና ሰልፍ ይይዝላታል። ምሳ ዕቃውን ይቀበላታል። እስከ ሆስፒታሉ በር ይሸኛታል፣ እስክትወጣም ከጥበቃዎቹ ጋር እያወራ ይቆማል፣ ከዚያ ሰፈሯ ያደርሳታል።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄማ መሸኘት ነው እኮ፣ አክስቴ። ምኑ ይቆጠራል?»

አንድ ሰው ሌላውን ሲወድ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠውን በየማታው እያደረገ፣ ካሜራ ስላልቀረጸው ብቻ እንደማይቆጠር ያምናል። ቀጥዬም «ያን ሁሉ ስታይ ምን የምትልህ ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሺ ነው የምትለኝ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እያያት እንዴት እምቢ ትላለች?» አለኝ። በክፋት አልተናገረውም፤ በየዋህነት ነው። እኔ ግን ያቺን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሳመነዥካት ሰነበትኩ።

ስለ ትንሽ ወጪ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። እስከ ዛሬ የምከራከረው ግን በኪስ በኩል ነበር። አሁን የማስበው ስለ ሴቲቱ ነው። ውድ ስጦታ ተቀባዩን ያስራል። ዕቁቡን በትኖ፣ ተበድሮ፣ ጓደኞቿን ሰብስቦ፣ መብራት አብርቶ ለተንበረከከ ሰው «ትንሽ ላስብበት» ማለት ጭካኔ ይመስላል። ልጅቷ የምትጠየቀው ታገቢኛለሽ ወይ ተብላ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ታዋርጅኛለሽ ወይ ተብላ ነው። ትንሽ ስጦታ ግን መውጫ በሩን ክፍት ይተውላታል። በዚያ በር ሳትወጣ ስትቀር፣ ያን ጊዜ ወዳኛለች ማለት ይቻላል።

የጥምቀቱ ሎሚ ይህ ጥበብ ነበረው። ጥር 11 ቀን ጎረምሳው አንድ ሎሚ በኪሱ ይዞ ይወጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ ያለ የሌለ ልብስ ከወጣበት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንዷ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ሎሚውን ወደ ደረቷ ይወረውራል። ብታነሳው አንድ ነገር ተጀመረ ማለት ነው። ባታነሳው ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል፤ እሷ ወደ ጭፈራዋ ትመለሳለች፣ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ታቦቱን ይሸኛል። ማንም አልከሰረም፣ ማንም አልተዋረደም። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንቺን አየሁ» የሚለው መልእክት ግን ደርሷታል። በኃይል ወርውረው የሚያሳምሙ ባለጌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነውሩ የእነሱ ነው።

ሽማግሌ መላክም ወጪ አልነበረውም። ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች በማለዳ ደጅ ይጠናሉ፣ የመጡበትን ይናገራሉ፣ ቀጠሮ ተቀብለው ይመለሳሉ፣ በቀጠሮው ደግሞ ይመጣሉ። ነገር ግን ያንን ሥርዓት በሙሉ አፌ ላወድሰው አልችልም፤ ብዙ ጊዜ ልጅቷ ራሷ የማትጠየቅበት ጥያቄ ነበርና። የዛሬው ወጣት እሷኑ ራሷን መጠየቁ ትልቅ መሻሻል ነው። ያሳዘነኝ፣ አያቶቿ ያልነበራቸውን መልስ በአንድ እጁ ሰጥቷት በሌላው እጁ በካሜራ መልሶ መቀማቱ ነው።

መውጫ በር ክፍት ስለሚተው ስጦታ ከራሴና ከባለቤቴ ታሪክ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ስድስት ኪሎ ተማሪዎች ሳለን ታይፎይድ ይዞኝ ቤተሰቦቼ ጋር ተኛሁ። እሱ የሚያጠናው ሌላ ትምህርት ነው፤ ከእኔ ክፍል አንድም መምህር አያውቅም። ማታ ማታ የክፍል ጓደኛዬን ደብተር እየተዋሰ፣ የማይገባውን ትምህርት ከነሥዕላዊ መግለጫው፣ ከነኅዳግ ማስታወሻው ገለበጠልኝ። ሲያመጣልኝ ቤት አልገባም፤ ለታናሽ ወንድሜ በር ላይ ሰጥቶት ተመለሰ። ያወጣው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። ደብተሩን ስቀበል ዕዳ አልተሰማኝም። አመስግኜ፣ ፈተናዬን ተፈትኜ፣ መንገዴን መሄድ እችል ነበር። እንደምችልም ያውቅ ነበር። ያልሄድኩትም ለዚህ ነው።

ስለ ጽጌረዳውም ልናገር። ኢትዮጵያ በአበባ ኤክስፖርት ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛ ናት። ዝዋይ፣ ሆለታ፣ ሰበታ በፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ የሚለቀመው ጽጌረዳ አብዛኛው በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድ ይሄዳል፤ የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን በሚውልበት በየካቲት ደግሞ ሥራው ይጦፋል። እሾኹን እየተከላከሉ የሚለቅሙት፣ በቁመት የሚለዩትና የሚያስሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በእነሱ እጅ ያለፈ አበባ በአንድ ምሽት ሊረገጥ ወለል ላይ ሲበተን አንጀቴ አይችልም። አበባ መስጠት የፈለገ አንድ ዘንግ ይስጥ፤ በእጇ ትያዘው፣ ቤቷ ወስዳ ውኃ ውስጥ ታቁመው። መስከረም ላይ ከሆነ ደግሞ አደይ አበባ ሜዳው ላይ ሞልቷል። ሕፃናት ለእንቁጣጣሽ እቅፍ አድርገው ሲያመጡልን በደስታ የምንቀበለውን አበባ ለወዳጅ ለመስጠት የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ለእህቴ ልጅ በብሩ ፈንታ በወረቀት የጻፍኩለትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። የልጅቷ እናት ሲሻላቸው፣ አንድ እሑድ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግር ውረዱ። ከመውረዳችሁ በፊት እዚያው ስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ግቡና ሥዕሎቹን እዩ። አንድ ሥዕል ፊት ቆመህ ምን እንደሚታያት ጠይቃት፤ አታርማት። ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም አለላችሁ። በ1967 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ ዕድሜዋ ከ3 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጠውን የድንቅነሽን ቅጂ አብራችሁ እዩ። እሷ ፊት ቆመው ስለ ሞትና ስለ ልጅ የማያወሩ ጥንዶች አላየሁም። የእኔና የባለቤቴም የመጀመሪያው ከልብ የሆነ ጨዋታ እዚያ ነው የተጀመረው።

አራት ኪሎ ስትደርሱ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2014 ሲከፈት በጣም ደስ ያለኝ መግቢያ የማያስከፍል መሆኑ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የየራሱን መጽሐፍ ሲያነብ መቀራረብ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። የምታነበውን ቀና ብለህ አየት ታደርጋለህ፤ በሚቀጥለው ስትገናኙ የምትጠይቃት ነገር አገኘህ ማለት ነው።

ደግሞም ባቡር ተሳፈሩ። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሰነጥቃታል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ልደታ ሲል በድልድይ ላይ ነው የሚሄደው፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከሥር ትታያለች። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ሄዳችሁ ተመለሱ። ክረምት ከሆነ መንገድ ዳር ከሰል ላይ የተጠበሰ አንድ በቆሎ ገዝታችሁ ለሁለት ስበሩት። ዝናብ ሲመጣ አንድ ጃንጥላ ሥር ግቡ። ጀበና ቡና ያለበት በረንዳ ስታገኙ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በሉ። ምሳ የበላችሁ ዕለት ደግሞ አጉርሳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል ያሉት አባቶቻችን ይህን የሚያስንቅ የፍቅር መግለጫ ለማንም አላወረሱም።

ይህን ዝርዝር ጽፌ ሳነበው የድሮው ቁጣዬ ተቀሰቀሰብኝ። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው መሄድ፣ መቆም፣ መሳፈር ነው፤ ሳይከፍሉ ተቀምጦ መጨዋወት የት አለ? ስለ አግዳሚ ወንበር ስጽፍ የሰለቻችሁ አላችሁ፤ ታገሡኝ፣ ነገሩ የሚያገባን እዚህ ላይ ነው። በዚህ ከተማ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ለመነጋገር አንድ ነገር ማዘዝ አለባቸው። ማኪያቶው እንዳለቀ አስተናጋጁ ይመጣል፤ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ይላል። አይፈረድበትም፣ ሥራው ነው። ወሬው ገና መሞቅ ሲጀምር ግን ኪስ ይታሰባል። መናፈሻ ልግባ ብትል ብዙው ጋ ከበሩ ላይ ትኬት ይቆረጣል። ፒያሳ ቆሞ ቡና ጠጥቶ፣ የወርቅ ቤቶቹን መስታወት እያዩ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሱ መዋል ይቻል ነበር፤ እሷም በ2016 አብዛኛዋ ፈረሰች።

የኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የማታ መብራት እንዳመጣ አልክድም። ሴቶች ከመሸ በኋላ በእግራችን የምንሄድበት መንገድ መብዛቱን ከማንም በላይ የማደንቅ እኔ ነኝ። እንደ መንገዱ ርዝመት ግን መቀመጫው ትንሽ ነው፤ ባየኋቸው ብዙ ቦታዎች ያለውም ደገፍ የለውም፣ ጥላ የለውም፣ ፊቱ ወደ መኪናው ነው። ሐሳቡን ሊነግራት የፈለገ ልጅ መኪና እያየ ይንገራት? ዛፍ ሥር የሆነ፣ ደገፍ ያለው፣ ፊቱን ወደ ሰው ያዞረ ወንበር ለወጣቶች ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ከሆስፒታል የምትወጣ ልጅ ባዶ ምሳ ዕቃዋን አስቀምጣ ትንሽ እንድታለቅስም ያስፈልጋል። ጡረተኞቹ ባልና ሚስትም ከቤታቸው ወጥተው ፀሐይ ይሞቁበታል።

«ሴቶቹ ናቸው ዋጋውን የሰቀሉት» የሚሉ ወንዶች ደብዳቤ እንደሚልኩልኝ አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ ወዳጅ ከእሱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታክሲ ተራ ላይ እንዳይዘገይ። «በባዶ ሆድ ፍቅር የለም» የሚሉም ይጽፉልኛል። እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ዕቁቡን ለቤት ዕቃ ያስቀምጠው። ከእነዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ዓይነት ሰው ነው። ኖሮት የሚሰስት፣ ለጓደኞቹ ክትፎ እየጋበዘ ለፍቅረኛው «ፍቅር ገንዘብ አይደለም» የሚል ወንድ ይህን ጽሑፍ ቆርጦ እንዳያሳያት። እኔ የምሟገተው ያለውን አካፍሎ ለሚሰጥ ነው። ያለው ትንሽ ከሆነ ትንሹን፣ ጊዜ ብቻ ከሆነ ጊዜውን። ስስታሙ ያንኑም አይሰጥም።

ለከተማው አስተዳደር የምለው አጭር ነው፦ በየሰፈሩ ትኬት የማይቆረጥበት፣ ጥላና ደገፍ ያለው መቀመጫ ይሠራልን። ወንበር አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ከሰገነቱ ዲኮር ይረክሳል።

ለወጣቶቹ ግን፣ ወንበሩ እስኪመጣ አትጠብቁ። መጠየቅ የፈለገ ሰው ሌላ ሰው በሌለበት፣ እሷ በደንብ በምታውቀው መንገድ ላይ፣ በራሱ ድምፅ ይጠይቅ። ከጠየቀ በኋላም ዝም ይበል። እሺ ብትልም፣ እምቢ ብትልም፣ ቀጠሮ ብትሰጥም መልሱ የእሷ ነው፤ መልሷን ይዞ ማግሥቱን ታክሲ ተራ ሰልፍ ሊይዝላት የሚመጣ ወንድ ከሆነ፣ እኔ ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለእሱ ብድራት ደስ ይለኛል።