ሥራ ሲበዛ ጸሎት የት ይገባል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጸሎት ነው።

ሰኔ ሲገባ ሥራው እንዴት እንደሚያጣድፍ ታውቃላችሁ። በሬ መጥመድ አለ። ዘር አለ። አረም ይከተላል። እናቶች ደግሞ ውኃው፣ እንጀራው፣ ልጁ አለባቸው። ዛሬ ሞባይልም ተጨምሯል። ሰው በስመ አብ ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ይጮኻል። «ለጸሎት ጊዜ የለኝም» የሚለው በዝቷል። እኛም ብለን እናውቃለን።

አንዲት ጎረቤት አሉን። ሴት ልጃቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። በየእሑዱ ትደውል ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ። እናት ስልካቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ዋሉ፣ አደሩ። ለጸሎት ሲቆሙ ጆሯቸው ስልኩ ላይ ነው። አፋቸው አባታችን ሆይ ይላል፤ ልባቸው ግን ባሕር ተሻግሮ ልጅቱን ይፈልጋል። ኋላ ጸሎቱን ጭራሽ ተዉት። «እንዲህ ያለ ጸሎት እግዜርን ማታለል ነው» አሉ።

አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው ቡና ሊጠጡ መጡ። እናትም ነገሩን አወጡት።

«አባቴ፣ ልቤ አንድ ቦታ አልቆም አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ልጄ፣ ጥጃሽ ሰው ማሳ ሲገባ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እመልሰዋለሁ።»

«ደግሞ ቢሄድስ?»

«ደግሜ እመልሰዋለኋ!»

«ታዲያ ልብሽንም እንደዚያው አድርጊው። ጥጃው ወጣ ብለሽ በረቱን አታፍርሺ። ደግሞስ ልብሽ የሄደው ወደ ልጅሽ አይደል? እሷኑ ስሟን ጠርተሽ ለምኚላት።»

ይህን ስንሰማ የአባቶች ሥርዓት ትዝ አለን። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 7 የጸሎት ጊዜ ሠርታለች። ጠዋት 12 ሰዓት ነግህ ይባላል። 3 ሰዓት ሠለስት ነው። 6 ሰዓት ቀትር፣ 9 ሰዓት ተሰዓት፣ 11 ሰዓት ሠርክ ናቸው። የመኝታው ንዋም፣ የእኩለ ሌሊቱ መንፈቀ ሌሊት ይባላል። እስቲ ከሥራችሁ ጋር አስተያዩት። በ3 ሰዓት በሬው ተጠምዷል። በ11 ሰዓት ከብቱ ይገባል። የጸሎቱ ሰዓት ሥራው መካከል ነው ያለው። ሰባቱንም የሚያደርስ ገበሬ ጥቂት ነው፤ መዋሸት አያስፈልግም። ግን ትልሙ ጫፍ ላይ በሬ ሲዞር ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ስንት ይፈጃል?

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በቀን 5 ጊዜ ይሰግዳሉ። ሱብሂ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ ነው። ሩቅ መንገደኛ ሲሆኑ የ4 ረከዓው ሶላት ወደ 2 ያጥርላቸዋል። የሰው ጥድፊያ ድሮም የታወቀ ነገር ነው ማለት ነው።

ማንበብ የጀመራችሁ ደግሞ ዳዊት አለላችሁ። 150 መዝሙር አለው። ሊቃውንቱ በ10 በ10 ከፍለው አንዱን ክፍል «ንጉሥ» ይሉታል። በጠቅላላው 15 ንጉሥ ይሆናል። ንጉሡ ከረዘመባችሁ አንድ መዝሙር ያዙ። 116ኛውን አውጡ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ 117ኛው ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ናት። ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ሰው እንኳ ጀበናው ሳይገነፍል ይጨርሳታል።

ጎረቤታችን አሁን የሚጸልዩት ቡናው እስኪፈላ ነው። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው መደቡ ላይ ያኖሩታል። ልጅቱ ኋላ ደውላለች፤ አሠሪዋ ስልኳን ነጥቃት ኖሯል። ሐሳቡ ግን አላለቀም፤ ገና እዚያው ናት።

በቀደም ለት ቡና ተጠርተን ስንገባ ቆመው ነበር። የልጅቱን ስም ሲጠሩ ሰማን። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። «አሜን» እስኪሉ ድረስ ወደ መደቡ የተሯሯጥነው እኛ ነን።