ማሳወቅ ወይስ ማስፈቀድ?



ባለፈው ዓመት ሃያ የማንሞላ ተማሪዎች ተሰባስበን፣ በስታዲየም አካባቢ በአንድ እሑድ ጧት የመጻሕፍት መለዋወጫ ቀን ልናደርግ አሰብን። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ያነበበውን መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው ያላነበበውን ይዞ ይሄዳል። ድምፅ ማጉያ የለም፤ መንገድ አይዘጋም፤ የሚሸጥ ነገርም የለም። የሚያስፈልገን ስድስት ጠረጴዛና ሁለት ሸራ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ማመልከቻችንን ተመልክቶ «ከጸጥታ ክፍል ደብዳቤ አምጡ» አለን። የጸጥታው ክፍል ደግሞ «ቦታውን የሚያስተዳድረው ክፍል ሳይፈቅድ እኛ ምን ብለን እንጽፋለን?» አለ። ቦታውን የሚያስተዳድረው ክፍል ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዝነውልን «ልጆቼ፣ ማንም እኮ አልከለከላችሁም፤ ብቻ የሚፈርም የለም» አሉን። እሑድ መጣ፤ እሑድ ሄደ። መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በየአልጋችን ሥር ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። እኚያ ደግ ሴት በአንዲት ዐረፍተ ነገር የችግሩን ሥር ስላሳዩን ነው። ማንም ሳይከለክል የተከለከለ ነገር፣ ይግባኝ የሚባልበት ሰው የለውም።

እስቲ ሕጉ ምን ይላል? በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ ሊወጣ የሚፈልግ ሰው 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ልብ በሉ፤ የሚለው «ያሳውቅ» ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጊዜው ወይም ቦታው ቢለወጥ ይሻላል ብሎ ያሰበ እንደሆነ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አድርጎ በ12 ሰዓት ውስጥ ለጠያቂዎቹ መንገር አለበት። ከዚህም አልፎ፣ በየትም ቦታና በማንኛውም ጊዜ አይደረግም ብሎ መከልከል እንደማይችል አዋጁ በግልጽ ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 በሰላም፣ ያለ መሣሪያ መሰብሰብን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎ ደንግጓል፤ ሥርዓት የሚወጣውም ስለ ቦታው፣ ስለ መንገዱና ስለ ሕዝቡ ደኅንነት ነው።

እንግዲህ በማሳወቅና በማስፈቀድ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው። ሹሙ ዝም ቢል ምን ይሆናል? ሕጉ ማሳወቅ ከሆነ የሹሙ ዝምታ እሺታ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሰዎቹ ይወጣሉ። ማስፈቀድ ከሆነ ግን ዝምታው እንቢታ ነው። በመጀመሪያው ምክንያት መስጠት ያለበት ከልካዩ ነው። በሁለተኛው ደጅ የሚጠናው ዜጋው ነው። ሰነፍ ሹምም ሆነ ፈሪ ሹም ሁለቱም ዝምታን ይወዳሉ። ስለዚህ የዝምታው ዋጋ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ በአስተዳደሩ ውስጥ ይህን ጉዳይ ይይዝ የነበረው ክፍል ራሱ «ማሳወቂያ ክፍል» ይባል ነበር። በበሩ ላይ ማሳወቂያ ተብሎ ተጽፎ በውስጡ ፈቃድ ይጠየቃል። ስሙን ሕግ አወጣው፤ ሥራውን ልማድ ወሰደው።

ይህ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ በ1959 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍን የሚያጠብቅ አዋጅ መጣባቸው። ሊቃወሙት ሲነሡ ፖሊስ ደበደባቸው፤ አሰራቸውም። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ አደባባዩም መስቀል አደባባይ፣ አብዮት አደባባይ፣ ተመልሶም መስቀል አደባባይ ተባለ። የፈቃድ ወረቀት ግን ስሙን እንኳ ሳይለውጥ ዘለቀ።

አዋጁም ቢሆን ጉድለት የለበትም አልልም። ሰልፍ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታል፣ ከኤምባሲና ከዓለም አቀፍ ድርጅት በ100 ሜትር ውስጥ እንዳይደረግ ይከለክላል። አሁን ከስታዲየም ተነሥታችሁ ወደ መስቀል አደባባይ ዝለቁ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከአደባባዩ ጎን ናት፤ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ቢመጣ የአደባባዩ አንዱ ወገን በክልክሉ ውስጥ ይገባበታል። ሆኖም ባለሥልጣን በጠራው ትልቅ ሰልፍ ቀን ሜትሩን ያወጣ ሰው አላየንም። ሌላ ሰው ሲጠራ ግን ሜትሩ ከኪስ እንዳይወጣ የሚያግደው ምንም ነገር የለም። ሲፈለግ የሚነሣ፣ ሳይፈለግ የሚተኛ ደንብ ደንብ አይደለም፤ በሹሙ እጅ ያለ ዱላ ነው።

አዋጁ ደግሞ ስለ ሰልፍና ስለ ፖለቲካ ስብሰባ እንጂ ስለ ሙዚቃ ዝግጅት፣ ስለ አልበም ምረቃ ወይም ስለ መጻሕፍት መለዋወጫ የወጣ አይደለም። ፖለቲካ ለሚሰበሰበው 48 ሰዓትና 12 ሰዓት ተወስኖለት፣ ዘፈን ሊሰማ የሚሰበሰበው በየቢሮው ልማድ ይዳኛል። ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በሂልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የቴዲ አፍሮ አልበም ምረቃ ፈቃድ የለውም ተብሎ በፖሊስ እንደቆመ ሁላችንም እናስታውሳለን። በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ ግብዣ ፈቃድ የሚያሻው በየትኛው ሕግ ነው? ያን ጊዜ የተጠየቀው ይህ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይፈልጋል።

ነገር ግን «ታዲያ ደንብ ይቅር ትላለህን?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አልልም። ሰው በተሰበሰበበት አደጋ አለ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በሕዝብ መካከል ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሴኡል ከተማ ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር በጠባብ መንገድ ላይ ተጨናንቀው 159 ሰዎች አልቀዋል፤ በዚያ ምሽት ሕዝቡን የጠራ አንድ አዘጋጅ፣ ኃላፊነቱንም የወሰደ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ፣ የሕዝቡ ብዛት ግምት፣ መውጫው በር፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ማሳወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል ከተማችን ራሷ ታውቃለች። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች ተጀመረ፤ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ይሮጥበታል። የሚዘጉት መንገዶች አስቀድመው ለሕዝብ ይነገራሉ፤ ውሃው በየቦታው ይቀመጣል፤ ፖሊሱ ሯጩን ይጠብቃል እንጂ አያባርርም። ለ40,000 ሰው የተቻለ ነገር ለሃያ ተማሪ እንዴት ያቅታል? ያቃተው ሥራው አይደለም። ታላቁ ሩጫ የሚያውቀው በር አለው፤ እኛ ግን የትኛውን በር እንደምናንኳኳ የሚነግረን የተጻፈ ነገር የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ማስታወቂያ የሚቀርብበት አንድ በር ይኑር፤ ያ ክፍል ሌሎቹን ክፍሎች ራሱ ይጠይቅ እንጂ ዜጋውን መልእክተኛ አያድርግ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን የተቀበለ ሠራተኛ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ደረሰኝ ይስጥ። ሦስተኛ፣ ተቃውሞ ካለ ምክንያቱ ሹሙ በፈረመበት ወረቀት በተወሰነ ሰዓት ይድረሰን፤ ሰዓቱ ካለፈ ዝምታው እሺታ ይሁን። አራተኛ፣ ሃምሳ ሰው የሚሰበሰብበትና አርባ ሺህ ሰው የሚሰበሰብበት በአንድ ሚዛን አይመዘን።

እኛም ከበደል ነጻ አይደለንም። ስንቶቻችን ነን ዝግጅት ስንጠራ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ያሰብን? ቆሻሻውን ማን እንደሚያነሣ የወሰንን? ማመልከቻችንን ቅጂ አስቀርተን፣ የመዝገብ ቁጥር አስጽፈን የወጣን ስንቶች ነን? እኛም በዚያ ሳምንት ቅጂ አላስቀረንም። ስለዚህ ማን ዝም እንዳለን ዛሬ ማስረዳት አንችልም። መብቱን በወረቀት ያልያዘ ሰው ክርክሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በመጪው መስከረም እንደገና እንጽፋለን። በዚህ ጊዜ ከማመልከቻችን ራስ ላይ «ፈቃድ እንዲሰጠን» የሚለውን ቃል ሰርዘን «ለማሳወቅ» ብለን እንጽፋለን፤ ሦስት ቅጂ እናደርጋለን፤ የተቀበለንን ሰው ስምና ሰዓት እንመዘግባለን። የኃላፊዎቻችንን ስም፣ የሚመጣውን ሰው ግምትና የምንወጣበትን ሰዓት እንዘረዝራለን። መጽሐፍ ያላችሁ ከአልጋችሁ ሥር አውጡና አቧራውን አራግፉ። እሑድ በስታዲየም እንገናኝ።

ከአንድ የሕግ ተማሪ