ሜዳሊያውና ቀኑ፦ የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ሽልማት ከተከዜ መርዝ አንጻር

በጣሊያን ከቅኝ ግዛት ዘመን የተረፉ የጎዳናና የአደባባይ ስሞች ዛሬም ያከራክራሉ። ከስሞቹ ጋር አብሮ ሊጤን የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በ1928 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ለበረሩ የጣሊያን አየር ኃይል አባላት የተሰጠው የጀግንነት ሜዳሊያ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ ከአየር ኃይሉ አባላት መካከል የሙሶሊኒ አማች ጋሌያትሶ ቻኖ እና የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶርዮና ብሩኖ ይገኙበት ነበር። የቦምብ ጣይ ጓድ አዛዥ የነበረው ቻኖ በዚያ ጦርነት ላደረገው ተሳትፎ የብር ሜዳሊያ ተሸልሟል።

የጀግንነት ሽልማት የሚሰጠው ራሱን ለአደጋ ላጋለጠ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ግን እነዚህን አውሮፕላኖች በአየር ላይ የሚገጥም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበራትም። እርግጥ ነው፣ ከመሬት የሚተኮስ ጥይት አልፎ አልፎ ያገኛቸው ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ተኩሰዋል። በዚያው ዕለት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። የአደጋው ሚዛን ወዴት ያደላ እንደነበር ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል።

ይበልጥ የሚያነጋግረው የወርቁ ሜዳሊያ ነው። ቲቶ ሚኒቲ የተባለው አብራሪ ታኅሣሥ 16 ቀን በኦጋዴን፣ ደገሐቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ለማረፍ ተገዶ ተገደለ። ጣሊያን ከሞተ በኋላ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠችው፤ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟንም የእርሱ አገዳደል ብድር አድርጋ አቀረበችው። ነገር ግን በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ተከዜ ዳር መርዙ የወረደው ታኅሣሥ 12 እና 13 ነው። ብድሩ ከበደሉ ቀድሞ ተከፍሏል ማለት ነው።

የሰናፍጭ ጋዝ በስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። በሣርና በቅጠል ላይ ይቆያል፤ በባዶ እግሩ የሚራመደውን ሰው ቆዳ ይልጣል፤ የጋጠውንም ከብት ይጎዳል። ታኅሣሥ ደግሞ እህል ወደ አውድማ የሚገባበት፣ የክረምቱ ኩሬ የሚጎድልበትና ሰውም ከብትም ወደ ወንዝ የሚወርድበት ወር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር ባሰሙት አቤቱታ የከብቱን፣ የውኃውንና የግጦሹን መመረዝ ከሰው እልቂት ጋር አያይዘው ማንሳታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለገበሬ ጦርነቱ ሠራዊቱ ካለፈ በኋላም በማሳው ላይ ይቀራል።

የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ በጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ። በደቡብ ጣሊያን የሚገኘው የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ግን አሁንም በቲቶ ሚኒቲ ስም ይጠራል።