ያገለገለ መኪና መግዛት ወንጀል ነው እንዴ?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2024) ሁለት በሮች ተንቀሳቀሱ። አንዱ በር ተከፈተ፤ አሜሪካ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው የጃፓኑ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አር፣ የመኪና ፍቅር የያዛቸው ልጆች "አር 34" የሚሉት፣ 25 ዓመት ሞላውና እንደ ልብ ወደ አሜሪካ መግባት ተፈቀደለት። የአሜሪካ ሕግ 25 ዓመት የሞላውን መኪና በደህንነት መመዘኛ አያስጨንቀውም። አርጅቷል፣ ጥቂት ነው፣ ይግባ ይላል።

ሁለተኛው በር ተዘጋ፤ እዚሁ አዲስ አበባ። በዚያው ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ለፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ቀርበው ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ሰው ወሬውን የሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው። ማን መከረበት? ማንስ ተጠየቀ? እሱን ተዉት።

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ይኸ ጋዜጣ ሌሊት ቦሌ መንገድ ላይ ጎማ ለሚያስጮሁ የሀብታም ልጆች ጥብቅና ሊቆም አልተነሣም። ስካይላይኑን የጠራነው ለመመዘኛ ስለሚመች ብቻ ነው። 2.6 ሊትር ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ። ወረቀቱ ላይ 280 የፈረስ ጉልበት ይላል። እውነቱ ከዚያ በላይ ነው፤ የጃፓን ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ከ280 በላይ ላለመጻፍ እርስ በርስ ተስማምተው ስለነበር ነው። (የጨዋ ሰው ስምምነት ይሉታል። እንዲህ ዓይነቱ ጨዋነት ለኛም በደረሰን!) እንግዲህ ይኸንን መኪና በኛ የቀረጥ ሚዛን ላይ እናውጣው።

እርሳስ ያዙና ተከተሉን። መኪናው ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ዋጋው 100 ብር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፣ 135 ብር ሆነ። ከየካቲት 2012 ዓ.ም. በፊት በነበረው ሕግ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና ኤክሳይዝ ታክሱ 100 በመቶ ነበር፤ 270 ሆነ። በዚያ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ 310 ብር ከ50። በዚያም ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ 341 ብር ከ55። ቅድመ ግብር 3 ብር ጨምሩበት። 344 ብር ከ55 ሳንቲም! ያኔውኑ ሕዝብ ይጮህ ነበር፤ የ100 ብሩን ዕቃ ለመንግሥት 244 ብር ከፍሎ የሚያስገባ ሌላ ማን አለ ተብሎ።

የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1186፣ መጣና ያንን ጩኸት አስረሳን። ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ ኤክሳይዙን እስከ 500 በመቶ ሰቀለው። ያችኑ 135 ብር በስድስት አባዙ፤ 810። ቫቱን ጨምሩ፣ 931 ብር ከ50። ሱር ታክሱን ጨምሩ፣ 1024 ብር ከ65። ቅድመ ግብሩን ጨምሩ፣ 1027 ብር ከ65 ሳንቲም። ይኸ እንግዲህ በራሱ በመንግሥት ስሌት ነው። ባለቤቱ ለሠራው ጃፓናዊ 100፣ ምንም ላልሠራው መንግሥት 927። አሜሪካ "አርጅቷልና ይግባ" ያለችውን መኪና እኛ "አርጅቷልና አሥር እጥፍ ይክፈል" አልነው።

ስካይላይን ባይገባ ማንም አይሞትም። የቆሰለው ሌላ ሰው ነው። ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ላይ ዓይኑን ጥሎ አሥር ዓመት ዕቁብ የጣለው መምህር ነው። አሮጌ ላዳውን ሸጦ የተሻለ ታክሲ ልገዛ ነው ሲል የነበረው አባወራ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ወንድሙ "የነዳኋትን ኮሮላ ልላክልህና ራይድ ሥራባት" ያለው ሥራ አጥ ወጣት ነው። የአሜሪካዋ መኪና መሪዋ በግራ ነው፤ የሚቆረጥ የሚቀጠል የላት። ግን 7 ዓመት አልፏታል። ወንድም ለወንድሙ የሚሰጠው ስጦታ ኬላው ላይ ሲደርስ ዕዳ ሆነ።

ለመሆኑ አዋጁ ያመጣው በጎ ነገር የለም ወይ? አለ። ከ1300 ሲሲ በታች የሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይዙ ከ30 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። በዚያው ስሌት ድሮ 125 ብር ግብር የነበረበት ወደ 82 ብር ወረደ ማለት ነው። ጥሩ። ግን የማን 100 ብር? የአዲሱ መኪና መነሻ ዋጋና የሰባት ዓመቱ መኪና መነሻ ዋጋ አንድ ነው እንዴ? ደግሞስ ባንክ ሄዶ ዶላር ያገኘው ማነው? ዳቦ ያጣውን ሰው ኬክ ላይ ቅናሽ አድርገንልሃል ማለት ይኸ ነው።

መንግሥት የሰጠው ምክንያት ሦስት ነው፦ አየር ይበክላል፣ ሰው ይገድላል፣ ዶላር ይበላል። አንዱንም ሐሰት አንልም። የአዲስ አበባን ጭስ የሚስበው ሕዝብ እኛም ነን። ግን ሕጉ የመታው ማንን ነው? ወደ አገር ሊገባ ያለውን የ8 ዓመት መኪና! መንገድ ላይ ያለውን የ40 ዓመት ዲ ኤክስ አልነካውም። እንዲያውም ተተኪው ሲወደድ አሮጌው ተወደደ። ባለ ዲ ኤክሱ መኪናውን ለምን ይጥላል? ሞተር ያሳድሳል፣ ቦዲ ያስመታል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ይነዳል። ነድቶ ነድቶም ከገዛበት አስበልጦ ይሸጣል። መኪና እንደ መሬት ዋጋው የሚጨምርበት አገር ሆንን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለዚህ ነው። ጭሱ ቀረ? ጎማው የተላጠ ሚኒባስ ከመንገድ ወጣ? አልወጣም።

የሰባትና የስምንት ዓመት የጃፓን መኪና ደግሞ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው አዋጁን የጻፈው ያሰኛል። ጃፓን ውስጥ "ሻከን" የሚባል የግዴታ ምርመራ አለ። አዲስ መኪና በ3 ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ይፈተሻል። ፍሬኑ፣ ጭሱ፣ መብራቱ፣ እግሩ። ምርመራው ከነግብሩና ከነኢንሹራንሱ ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብዙ ጃፓናዊ ቀኑ ሲደርስ መኪናውን መሸጥ ይመርጣል። ከዚያ ለጨረታ ይቀርባል። ጨረታው ላይ ገለልተኛ መርማሪ እያንዳንዱን ጭረት በምልክት የሚመዘግብበት ወረቀት አለ። ደረጃው በቁጥር ይጻፋል፤ 5 ከሆነ አዲስ ማለት ይቻላል፣ 4 ጥሩ ነው፣ 3 የተጎሳቆለ። ግጭት ደርሶበት የታደሰ ከሆነ በቁጥር ፋንታ "አር" ይጻፍበታል። የተነዳው ኪሎ ሜትርም እዚያው ላይ አለ።

ታዲያ ያ ወረቀት የት ይጠፋል? መንገድ ላይ ነው የሚጠፋው። የጃፓን መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ የኛ መንገድ ግራ መሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙው በዱባይ በኩል ዞሮ ነበር የሚመጣው። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚሁ ንግድ ብላ ራስ አል ኮር ላይ ነፃ ቀጠና ከፍታለች። ዳሽቦርድ ተቆርጦ፣ የመሪ እግር ተዘዋውሮ፣ የፍሬን ቱቦ ተቀጥሎ "ግራ መሪ" ይሆናል። ኪሎ ሜትሩም በዚያው ወደ ኋላ ይመለሳል። 180 ሺህ የነዳው 60 ሺህ ሆኖ ይወለዳል። ለዚህ ነው የኛ ገዢ ከዋጋው በፊት "መሪው ዞሯል ወይስ ኦርጅናል ነው?" ብሎ የሚጠይቀው። ደላላው ይምላል። ገዢው ያምናል። ጋራዥ ሲገባ ያለቅሳል።

መንግሥት መቆም የነበረበት እዚህ ቦታ ላይ ነው። የጨረታ ወረቀቱን ኦርጅናሉን አምጣ፣ ኪሎ ሜትሩ ይመሳከር፣ መሪው የዞረ አይገባም፣ ከመጫኑ በፊት ይፈተሽ ማለት ነበረበት። ጎረቤታችን ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነ አላስገባም ብላ፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ መርከብ ላይ ሳይወጣ እንዲመረመር አድርጋለች። ኬንያ ገነት ናት አላልንም። ቢያንስ መኪናውን አይታ ነው የምትፈርደው። የኛ ሕግ ግን የልደት ሰርተፊኬቱን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። በየዓመቱ እየተፈተሸ የኖረው መኪናና ጎርፍ የዋጠው መኪና እኩል ዕድሜ ካላቸው እኩል ይቀጣሉ። ፍተሻ ሠራተኛ፣ መሣሪያና ሐቀኝነት ይጠይቃል። ግብር ግን ማህተም ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች አንዱ አውቶሞቢል ሆነ። በጥር 2016 እገዳው መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። ቀድሞ በእጅ ያለው መኪና ዋጋው ሰማይ ነካ፤ የሌለው ሰው እንደሌለው ቀረ። በመንግሥት አሃዝ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ያለው ተሽከርካሪ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ይኸ ሕዝብ መኪና በዝቶበት ነው በር የሚዘጋበት?

ኤሌክትሪክ መኪናን እንጠላለን እንዴ? አንጠላም። ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ መብራቱ ግን የራሳችን ውኃ ነው። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ማበረታቻም፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ ለሚመጣ ነፃ ያለው፣ ብልህ ውሳኔ ነበር። ማበረታታት አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን ሁሉ ማገድ ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ደሴ፣ ጎንደር፣ ጂማ የሚሄድ ሰው የት ቆሞ ነው የሚሞላው? ሰፈሩ መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው ሲደክም የሚያውቅለት መካኒክ አለ? ኮሮላ ቢበላሽ መርካቶ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለም፤ የትም ገጠር ከተማ የሚፈታ የሚገጥም ልጅ አይጠፋም። ለቻይናው አዲስ መኪና ይኸ እስኪፈጠር ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ነዳጅ መቆጠብ ነው ዓላማው ከተባለ ደግሞ ቁጠባው ከላይ ይጀምራ! በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ተደርድረው ያየናቸው ቪ ኤይት ላንድክሩዘሮች ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ናቸው። ባለ 1 ሊትሯ ቪትዝ ለአገር ጠንቅ ከሆነች እነዚያን ምን እንበላቸው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ መሪው ያልዞረ፣ ሞተሩ ትንሽ የሆነና ከመጫኑ በፊት ተፈትሾ ያለፈ መኪና በመጠነኛ ግብር ይግባ። ከውጭ ወንድምና እህት የሚላከው በዚሁ ይታይ። የሚሰበሰበው ግብርም መንገድ ላይ ያለውን አሮጌ መኪና አምጥቶ ለሚያስረክብ ሰው ማካካሻ ይሁን፤ ጭሱ የሚቀንሰው እንደዚያ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴርና የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ደግሞ ለፓርላማ ያቅርቡልን፦ ከየካቲት 2012 ወዲህ በዚህ አዋጅ ስንት ብር ተሰበሰበ? ስንት አሮጌ መኪና ከመንገድ ወጣ? መልስ ያለው ክፍል ካለ ይኸው ገጽ ሳይቆረጥ ያትምለታል።