እሳቱ ይቆየን

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የኮረት ቁልቁለት ላይ የቢስክሌቴ ዕቃ መጫኛ፣ ማለት ፖርቶመጋላው፣ የሚታሰርበት ጆሮ ከቴላዮው ተገንጥሎ ወደቀ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቡሎኑ ላልቶ ሳለ ችላ ብዬው ነበር። ጭነት በላላ ቡሎን ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ሲያድር ጆሮው ይደክምና ይሰነጠቃል።

እኛ ተማርን የምንል ወጣቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን አፋችን ላይ የሚቀድመው ቃል «ይበየድ» የሚለው ነው። እኔም ከተማ ገብቼ ይህንኑ አልሁ። ባለሙያው አዛውንት ግን ማግኔት አውጥተው ቴላዮውን ነኩት፤ አልያዘም። «ልጄ፣ ይህ አልሙኒየም ነው፤ የእኔ ብየዳ ያበላሽብሃል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን አልሙኒየም ግን በ660 ይፈሳል፤ ሳይቀልጥም ቢሆን የጋለው ክፍል ጥንካሬውን ያጣል። አልሙኒየም አይበየድም ማለቴ አይደለም፤ ይበየዳል፤ ነገር ግን የአርጎን ጋዝና ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ይፈልጋል። ቴላዮው ብረት ቢሆን ኖሮ በጋዝ እሳትና በናስ ዘንግ ሊጠገን ይችል ነበር።

አዛውንቱ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ቀደው በቧንቧው ላይ ጠቀለሉ፤ በላዩ ፋሼታ አጠበቁና ፖርቶመጋላውን በዚያ አሰሩት። ይህን «ለጊዜው ነው» ብሎ መናቅ ስሕተት ይመስለኛል። ፋሼታ ቢላላ ይጠብቃል፤ ቢበጠስ ይለወጣል። የተቃጠለ ቧንቧ ግን ወዴት ይመለሳል? ጭነቱን እንኳ በግማሽ ቀንሼዋለሁ።

ሒሳብ ስጠይቃቸው የፋሼታውን ብቻ ነገሩኝ። ቢበይዱልኝ ኖሮ እጥፉን ሳልከራከር እከፍል ነበር! «ጋሼ፣ የማግኔቱስ?» ብዬ ቀሪውን በግድ አስያዝኋቸው።